ፕሮባዮቲክ

ፕሮባዮቲክ በበቂ መጠን በሕይወት እያሉ ወደ ሰውነት ሲገቡ የጤና ጥቅም የሚሰጡ ረቂቅ ተሕዋስያን መጠሪያ ነው። አብዛኞቹ ባክቴሪያዎች ሲሆኑ ጥቂቶቹ የእርሾ ዓይነቶች ናቸው። በእንክብል፣ በዱቄት፣ በጠብታ ወይም በእርጎ መልክ ይሸጣሉ። በማሸጊያቸው ላይ በብዛት ከሚነበቡት ተስፋዎች መካከል በሽታ የመከላከል አቅምን ማጎልበትና ጭንቀትን ማቅለል ይገኙበታል።

በኢትዮጵያ እርጎ፣ ቆጮ፣ እንጀራ፣ ቦርዴና ሌሎችም ምግቦችና መጠጦች የሚዘጋጁት በረቂቅ ተሕዋስያን አማካይነት በመብላላት ነው። ከዚህ የተነሣ ባህላዊ የተብላሉ ምግቦችና ፕሮባዮቲክ እንደ አንድ ነገር ሲቆጠሩ ይታያል። ነገር ግን አንድ ምግብ ፕሮባዮቲክ ለመባል መብላላቱ ብቻ አይበቃም። ተሕዋስያኑ እስከሚበላበት ጊዜ ድረስ በሕይወት መኖራቸው፣ ማንነታቸው መታወቁ፣ መጠናቸው መለካቱና ጥቅማቸው በሰው ላይ በተደረገ ጥናት መረጋገጡ ያስፈልጋል። ይህ ልዩነት በፋብሪካ የተመረተ እንክብል ለሚገዛ ሰውም ሆነ በካፋ ዞን ቆጮ ለሚጋግር ቤተሰብ ተግባራዊ ትርጉም አለው።

ስያሜና ትርጓሜ

ቃሉ «ለ» የሚል ትርጉም ካለው የላቲን ቃልና «ሕይወት» ከሚለው የግሪክ ቃል የተገኘ ሲሆን «ለሕይወት የሚሆን» እንደ ማለት ነው። ሊሊና ስቲልዌል የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1965 ቃሉን የተጠቀሙበት አንዱ ረቂቅ ተሕዋስ የሚያመነጨውንና የሌላውን እድገት የሚያፋጥን ንጥረ ነገር ለመግለጽ ነበር። እንግሊዛዊው ሮይ ፉለር በ1989 ዛሬ ወደሚታወቀው ትርጉም አቀረበው።

አሁን በስፋት የሚሠራበት ትርጓሜ የወጣው የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት እና የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2001 በአርጀንቲና ኮርዶባ ከተማ ከጠሩት የባለሙያዎች ስብሰባ ነው። ዓለም አቀፉ የፕሮባዮቲክና የፕሪባዮቲክ ሳይንሳዊ ማኅበር በ2014 ትርጓሜውን በጥቂቱ አርሞ አጽድቆታል።

ከፕሮባዮቲክ ጋር የሚምታቱ ሌሎች ስያሜዎችም አሉ።

ፕሪባዮቲክ ራሱ ተሕዋስ አይደለም፤ በአንጀት ውስጥ ለሚኖሩ ጠቃሚ ተሕዋስያን ምግብ የሚሆን ንጥረ ነገር ነው። ለምሳሌ በቀይ ሽንኩርትና በነጭ ሽንኩርት ውስጥ የሚገኘው ኢኑሊን የተባለ አሰር ከዚህ ይመደባል።

ሲንባዮቲክ ፕሮባዮቲክና ፕሪባዮቲክን አንድ ላይ የያዘ ውህድ ነው።

ፖስትባዮቲክ የሞቱ ተሕዋስያንን ወይም ክፍሎቻቸውን የያዘና የጤና ጥቅም እንዳለው የተረጋገጠ ዝግጅት ነው።

የተብላላ ምግብ የሚባለው ደግሞ ሆን ተብሎ በተደረገ የተሕዋስያን እድገትና በኢንዛይሞች አማካይነት ይዘቱ የተለወጠ ምግብ ነው። ተሕዋስያኑ ሲበላ በሕይወት ሊኖሩም ላይኖሩም ይችላሉ።

ታሪክ

ሰዎች ወተት አርግተውና ሊጥ አቡክተው መመገብ የጀመሩት ባክቴሪያ የሚባል ነገር መኖሩ ከመታወቁ ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ነው። በሳይንስ መጠናት የጀመረው ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው። በፓሪስ የፓስተር ተቋም ተመራማሪ የነበረው ሄንሪ ቲሲዬ ጡት ከሚጠቡ ሕፃናት ሰገራ ቢፊዶባክቴሪያ የተባለውን ቡድን ለየ። ቡልጋሪያዊው ስታመን ግሪጎሮቭ እ.ኤ.አ. በ1905 የአገሩን እርጎ ከሚያረጉት ባክቴሪያዎች አንዱን አገኘ።

በዚሁ የፓስተር ተቋም ይሠራ የነበረው ኤሊ ሜችኒኮፍ በ1907 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በቡልጋሪያ ገጠር የሚኖሩ ሰዎች ዕድሜ መርዘም ከሚጠጡት እርጎ ጋር ሳይያያዝ አይቀርም የሚል ሐሳብ አቀረበ። ሜችኒኮፍ በ1908 የኖቤል ሽልማት የተጋራው ግን በዚህ ሐሳቡ ሳይሆን የሰውነትን የመከላከያ ሥርዓት አስመልክቶ ባደረገው ምርምር ነው።

ጀርመናዊው አልፍሬድ ኒስል በ1917፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጓደኞቹን ያጠቃ የተቅማጥ በሽታ ካልነካው ወታደር ጉዳት የማያደርስ የኢ ኮላይ ዓይነት ለየ። ፈረንሳዊው ሄንሪ ቡላር በ1920ዎቹ በኢንዶቻይና፣ ሰዎች ለተቅማጥ ከሚጠቀሙባቸው የፍራፍሬ ልጣጮች ዛሬ በስሙ የሚጠራውን እርሾ አገኘ። ጃፓናዊው ሚኖሩ ሺሮታ በ1930 የለየው ባክቴሪያ ደግሞ ከ1935 ጀምሮ ያኩልት በሚል የንግድ ስም በተብላላ ወተት መልክ ለገበያ ቀረበ።

አሠራር

በሰው አንጀት፣ በተለይም በትልቁ አንጀት ውስጥ፣ በትሪሊዮን የሚቆጠሩ ተሕዋስያን ይኖራሉ። ያልተፈጨውን አሰር ያብላላሉ፣ አንዳንድ ቫይታሚኖችን ያመርታሉ፣ በሽታ አምጪዎችም ቦታ እንዳያገኙ ይሻማሉ። በአፍ የሚወሰድ ፕሮባዮቲክ በዚህ ማኅበር ውስጥ እንደ እንግዳ የሚያልፍ ነው። በአብዛኛው ሰው አንጀት ውስጥ በቋሚነት አይሰፍርም፤ መውሰዱ ሲቆም በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል።

ጥቅም ይሰጥባቸዋል ተብለው የሚታሰቡት መንገዶች የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፣ ላክቲክ አሲድና ሌሎች ንጥረ ነገሮችን በማመንጨት ለበሽታ አምጪዎች የማይመች አካባቢ ይፈጥራሉ።

ሁለተኛ፣ በአንጀት ግድግዳ ላይ ቦታና ምግብ ይሻማሉ።

ሦስተኛ፣ የአንጀትን ሽፋን ሕዋሳት ትስስር በማጠንከር ጎጂ ነገሮች ወደ ደም እንዳያልፉ ያግዛሉ።

አራተኛ፣ በአንጀት ግድግዳ ውስጥ ከሚገኙ የመከላከያ ሕዋሳት ጋር ይገናኛሉ።

እነዚህ ባሕርያት የሁሉም ፕሮባዮቲኮች አይደሉም። አንድ ዝርያ ብዙ ንዑስ ዝርያዎች አሉት፤ በአንደኛው የታየ ጥቅም በሌላው ላይኖር ይችላል። ስለዚህ በጥናቶች ውስጥ ተሕዋሱ የሚጠራው በሦስት ደረጃ ነው። ለምሳሌ «ላክቶባሲለስ ራምኖሰስ ጂጂ» ሲባል የመጀመሪያው ወገኑን፣ ሁለተኛው ዝርያውን፣ ሦስተኛው ንዑስ ዝርያውን ያመለክታል። በ2020 ላክቶባሲለስ የተባለው ሰፊ ወገን በ25 ወገኖች ስለተከፋፈለ፣ ያው ባክቴሪያ በአሮጌና በአዲስ ማሸጊያ ላይ በተለያየ ስም ሊጻፍ ይችላል።

በሽታን ለመከላከል ያለው ጥቅም

ከሰውነት የመከላከያ ሕዋሳት ትልቁ ክፍል የሚገኘው በአንጀት አካባቢ ነው። ፕሮባዮቲክ በሽታ የመከላከል አቅምን ይነካል የሚለው ሐሳብ መነሻው ይህ ነው። ይሁን እንጂ «አቅምን ያጎለብታል» የሚለው አባባል በራሱ ሊለካ አይችልም። ሊለካ የሚችለው አንድ የተወሰነ በሽታ መቀነሱ ወይም አለመቀነሱ ነው። በዚህ መንገድ ሲታይ ውጤቱ ከበሽታ በሽታ ይለያያል።

ጉንፋንና የላይኛው መተንፈሻ አካል ሕመም፦ ኮክሬን የተባለው የጥናት ገምጋሚ ድርጅት በ2022 ወደ 7,000 የሚጠጉ ሰዎች የተሳተፉባቸውን 24 ጥናቶች መርምሯል። ፕሮባዮቲክ የወሰዱ ሰዎች ቢያንስ አንድ ጊዜ የመታመም ዕድላቸው በሩብ ገደማ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ነገር ግን ገምጋሚዎቹ የማስረጃውን አስተማማኝነት ዝቅተኛ ብለውታል።

በአንቲባዮቲክ ምክንያት የሚመጣ ተቅማጥ፦ የተሻለ ማስረጃ ካላቸው ጥቅሞች አንዱ ይህ ነው። በ2019 የወጣ የኮክሬን ግምገማ 6,352 ሕፃናትና ልጆችን ያካተቱ 33 ጥናቶችን አጠቃልሏል። ከአንቲባዮቲክ ጋር ፕሮባዮቲክ ከወሰዱት ልጆች 8 በመቶው፣ ካልወሰዱት 19 በመቶው ተቅማጥ ይዟቸዋል።

ድንገተኛ የልጆች ተቅማጥ፦ ቀደም ብለው የተደረጉ አነስተኛ ጥናቶች ተስፋ ሰጪ ነበሩ። በ2018 ግን በአሜሪካ 971፣ በካናዳ 886 ልጆች የተሳተፉባቸው ሁለት ትልልቅ ጥናቶች ፕሮባዮቲክ ከማስመሰያ መድኃኒት የተሻለ እንዳልሆነ አሳዩ። ለተቅማጥ ሕፃን ሕይወት አድን የሆነው ሕክምና ኦ አር ኤስና ዚንክ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ሁለቱ አብረው እንዲሰጡ ከ2004 ጀምሮ ይመክራሉ። በኢትዮጵያም በጤና ኬላዎች በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አማካይነት ይሰጣሉ።

ከባድ የምግብ እጥረት፦ በማላዊ 795 በከባድ የምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናት የተሳተፉበትና በ2009 የታተመ ጥናት፣ ከሕክምና ምግባቸው ጋር ፕሮባዮቲክና ፕሪባዮቲክ መጨመሩ የማገገም መጠናቸውን እንዳላሻሻለ አሳይቷል።

አዲስ የተወለዱ ሕፃናት፦ በሕንድ ገጠር በ4,556 ሕፃናት ላይ የተካሄደና በ2017 የታተመ ጥናት ደግሞ የተለየ ውጤት አለው። የአንድ ላክቶባሲለስ ፕላንታረም ንዑስ ዝርያና የፕሪባዮቲክ ውህድ የተሰጣቸው ሕፃናት በደም መመረዝ የመያዝ ወይም የመሞት ዕድላቸው ከ9 በመቶ ወደ 5.4 በመቶ ወርዷል። ጥናቱ የተደረገው ክብደታቸው ቢያንስ 2 ኪሎ ግራም በሆነና ጡት በሚጠቡ ሕፃናት ላይ ነው።

በማላዊና በሕንድ የተገኙት ተቃራኒ ውጤቶች የሚያሳዩት ጥቅሙ የሚወሰነው በየትኛው ተሕዋስ፣ ለማን፣ በምን መጠንና ለየትኛው በሽታ በሚሉት ጥያቄዎች መሆኑን ነው። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን አምራቾች ፕሮባዮቲክ መከላከያን ያጎለብታል ብለው ያቀረቧቸውን የማስታወቂያ ጥያቄዎች ማስረጃቸው በቂ አይደለም በማለት አልተቀበለም። የተቀበለው የእርጎ ሕያው ባክቴሪያዎች የወተት ስኳር ለማይስማማቸው ሰዎች ስኳሩ እንዲፈጭ ይረዳሉ የሚለውን ነው። ለዚህም በአንድ ግራም እርጎ ቢያንስ 100 ሚሊዮን ሕያው ባክቴሪያ እንዲኖር ይጠይቃል።

ጭንቀትና ውጥረት

አንጀትና አንጎል በነርቭ፣ በሆርሞንና በመከላከያ ሥርዓት በኩል ይገናኛሉ። ዋናው የነርቭ መንገድ ቬገስ የተባለው ነርቭ ነው። ሰው ሲጨነቅ ሆዱ የሚታወከውም በዚህ ግንኙነት ምክንያት ነው።

በ2004 ጃፓናውያን ተመራማሪዎች ምንም ተሕዋስ በአንጀታቸው ሳይኖር ያደጉ አይጦች ለውጥረት የሚሰጡት የሆርሞን ምላሽ ከሌሎቹ የበረታ መሆኑን አሳዩ። በ2011 የወጣ ሌላ ጥናት ላክቶባሲለስ ራምኖሰስ ጄቢ 1 የተባለው ባክቴሪያ የአይጦችን የጭንቀት ጠባይ እንደቀነሰና የቬገስ ነርቭ ሲቆረጥ ይህ ውጤት እንደጠፋ ዘገበ። ከዚህ በኋላ ስለ አእምሮ ጤና ፕሮባዮቲኮች ብዙ ተጽፏል።

ይሁን እንጂ ይኸው ባክቴሪያ በ29 ጤነኛ ወንዶች ላይ ተሞክሮ በ2017 ሲታተም፣ ከማስመሰያ እንክብል የተለየ ውጤት አልተገኘበትም። የውጥረት ሆርሞንም ሆነ የሰዎቹ ስሜት አልተለወጠም። በሌሎች ንዑስ ዝርያዎች የተደረጉ አንዳንድ አነስተኛ ጥናቶች መጠነኛ መሻሻል አሳይተዋል። ነገር ግን የተሳታፊዎች ቁጥር ማነስና የአለካክ ልዩነት ጽኑ ድምዳሜ ላይ ለመድረስ አላስቻሉም።

ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ሌላው ነጥብ ከሰውነት ሴሮቶኒን 90 በመቶ ያህሉ በአንጀት የሚመረት መሆኑ ነው። ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን በአንጀት የተመረተው ሴሮቶኒን ከደም ወደ አንጎል አይሻገርም። ስለዚህ የአንጀት ሴሮቶኒን መጨመር በቀጥታ ስሜትን ያሻሽላል ማለት አይደለም። ፕሮባዮቲክ ለጭንቀት ሕመም ወይም ለድብርት የሚሰጥ የሕክምና ምትክ ተደርጎ አይወሰድም።

አቀራረብና አያያዝ

የፕሮባዮቲክ መጠን የሚለካው በሚሊግራም ሳይሆን ሊራቡ በሚችሉ ሕያው ተሕዋስያን ቁጥር ነው። በብዙ ምርቶች ላይ በአንድ እንክብል ከ1 ቢሊዮን እስከ በአሥር ቢሊዮኖች የሚደርስ ቁጥር ይጻፋል። ቁጥሩ መብዛቱ ብቻውን የተሻለ ውጤት ማለት አይደለም፤ የሚበጀው በጥናት የተፈተነው መጠን ነው።

ሕያው በመሆናቸው ሙቀትና እርጥበት ይጎዳቸዋል። አንዳንዶቹ ምርቶች በማቀዝቀዣ ውስጥ መቀመጥ አለባቸው። ሌሎቹ በደረቅ መልክ ስለተዘጋጁ በክፍል ሙቀት ይቆያሉ፤ እነሱም ቢሆኑ በፀሐይና በእርጥበት ቁጥራቸው ይቀንሳል። ረጅም መንገድ ተጉዞ ለሚመጣና የኤሌክትሪክ መቋረጥ ባለበት ቦታ ለሚቀመጥ ምርት ይህ ከባድ ጥያቄ ነው። ማሸጊያው ሳይበላሽና ቀኑ ሳያልፍ ተሕዋስያኑ ሞተው ሊሆኑ ይችላሉ፤ በዓይን ደግሞ አይለዩም።

በጥሩ ማሸጊያ ላይ የተሕዋሱ ሙሉ ስም እስከ ንዑስ ዝርያው፣ በአገልግሎት ማብቂያው ቀን የሚኖረው ሕያው ቁጥር፣ የአቀማመጥ መመሪያ እና የአምራቹ አድራሻ ይገኛሉ። በምርት ቀን የነበረውን ቁጥር ብቻ የሚገልጽ ጽሑፍ ሲወሰድ ስንቱ በሕይወት እንዳለ አይናገርም። በኢትዮጵያ የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥር በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የሚከናወን ሲሆን፣ በፌዴራል ደረጃ ኃላፊነቱ የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው።

ጉዳትና ጥንቃቄ

ፕሮባዮቲክ ለአብዛኛው ጤነኛ ሰው ከባድ ጉዳት አያስከትልም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሆድ መነፋትና ጋዝ ሊኖር ይችላል። ለአንዳንድ ሕሙማን ግን አደገኛ ሊሆን ይችላል።

በኔዘርላንድስ በከባድ የጣፊያ ብግነት በታመሙ ሰዎች ላይ የተካሄደና በ2008 የታተመ ጥናት፣ ፕሮባዮቲክ ከተሰጣቸው 152 ሕሙማን 24፣ ካልተሰጣቸው 144 ደግሞ 9 እንደሞቱ ዘግቧል። በ2023 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ያለጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት በሆስፒታል የሚሰጡ ፕሮባዮቲኮች ወደ ደም ገብተው ሞት ሊያስከትሉ እንደሚችሉ አስጠንቅቋል። የመከላከያ አቅማቸው በጣም የተዳከመ ሰዎች፣ በደም ሥራቸው ቱቦ የገባላቸው ሕሙማንና ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ያለ ሐኪም ምክር እንዲወስዱት አይመከርም።

የኢትዮጵያ የተብላሉ ምግቦች

የአገሪቱ የተብላሉ ምግቦችና መጠጦች በሚበሉበት ጊዜ ሕያው ተሕዋስያን በመያዛቸውና ባለመያዛቸው በሁለት ሊከፈሉ ይችላሉ።

እርጎ ከመጀመሪያው ወገን ነው። በባህላዊው ዘዴ ወተቱ ሳይፈላ በታጠበና በጭስ በታጠነ ዕቃ ውስጥ ይቀመጣል። ለማጠኛ የወይራ እንጨት በብዙ ቦታ ይመረጣል፤ ጭሱ ጥሩ ሽታ ከመስጠቱም በላይ የማይፈለጉ ተሕዋስያንን ይቀንሳል። ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች በዝተው ወተቱን ያረጉታል። እርጎው ሳይበስል ስለሚጠጣ ባክቴሪያዎቹ በሕይወት ይገባሉ።

ሆኖም ባልተፈላ ወተት ከተሠራ ከጠቃሚዎቹ ጋር ጎጂዎችም ሊኖሩ ይችላሉ። የከብት ሳንባ ነቀርሳና ብሩሴሎሲስ ባልተፈላ ወተት ወደ ሰው ይተላለፋሉ። የእርጎው ኮምጣጣነት ብዙ ጎጂ ባክቴሪያዎችን ቢያዳክምም ሁሉንም ይገድላል ተብሎ አይታመንበትም። ወተቱን አፍልቶ፣ ለብ ሲል ከቀደመ ጥሩ እርጎ ጥቂት እንደ እርሾ ጨምሮ ማርጋት ሕያው ባክቴሪያውን ሳያሳጣ አደጋውን ይቀንሳል። ለእርሾ የሚጨመረው እርጎ ራሱ ከተፈላ ወተት የተሠራ መሆን ይኖርበታል።

ቦርዴና ሻሜታ በደቡብና በምዕራብ ኢትዮጵያ የሚጠጡ ከእህል የሚዘጋጁ ወፍራም መጠጦች ናቸው። እየፈሉ ሳሉ ስለሚጠጡ ብዙ ሕያው ባክቴሪያና እርሾ አላቸው። ቦርዴ አልኮል ስላለበት ለሕፃናት የሚሆን የጤና መጠጥ ተደርጎ ሊቆጠር አይገባም።

እንጀራ ከሁለተኛው ወገን ነው። የቦካው ሊጥ በሕያው ተሕዋስያን የተሞላ ቢሆንም ምጣድ ላይ ሲጋገር ይሞታሉ። አይብም አሬራው በእሳት ሞቆ ስለሚወጣ ከመጀመሪያዎቹ ባክቴሪያዎች አብዛኞቹን ያጣል።

ቆጮ በካፋ

ካፋ ዞን በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል የሚገኝ ሲሆን ዋና ከተማው ቦንጋ ነው። የጨና ወረዳ ዋና ከተማ ዋጫን ጨምሮ በዞኑ ደጋማና ወይና ደጋ ቦታዎች እንሰት በየቤቱ ጓሮ ይተከላል። ከእንሰት የሚገኘው ዋናው ምግብ ቆጮ ሲሆን፣ ከሚጨመቀው ፈሳሽ የሚዘቅጠው ነጭ ስታርች ቡላ ይባላል።

ቆጮ የሚዘጋጀው የደረሰው ተክል ተነቅሎ ግንድ መሰሉ ክፍል ከተፋቀና ሥሩ ከተከተከተ በኋላ ነው። የተፋቀው በኮባ በተነጠፈ ጉድጓድ ውስጥ ታጭቆና ተሸፍኖ ይቀመጣል። በየጊዜው እየተገላበጠ ከሳምንታት እስከ ወራት ይቆያል፤ በቀዝቃዛ ደጋ መብላላቱ ይዘገያል፣ በሞቃት ቦታ ይፈጥናል።

ብርሃኑ አበጋዝ ጋሼ በ1987 ባሳተሙት ጥናት በዚህ ጉድጓድ ውስጥ ተሕዋስያን እንዴት እንደሚፈራረቁ አሳይተዋል። መብላላቱን የሚጀምሩት ሊዩኮኖስቶክ ሜሰንቴሮይደስና ስትሬፕቶኮከስ ፌካሊስ ናቸው። ኮምጣጣነቱ ሲጨምር እነዚህ ቦታቸውን አሲድ ለሚችሉ የላክቶባሲለስ ዝርያዎች ይለቃሉ፤ ከእነዚህም አንዱ ላክቶባሲለስ ፕላንታረም ነው። በሂደቱ ፒኤች ከ6.5 ወደ 4.2 ገደማ ይወርዳል።

ይህ ኮምጣጣነት ለቆጮ ትልቁ ጥቅም ነው። አብዛኞቹ አበስባሽና በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎች በዚህ ደረጃ ስለማይራቡ ቆጮ ያለ ማቀዝቀዣ ለወራት፣ አልፎም ከዓመት በላይ ይቆያል። እህል በሚያልቅበት ወቅት ቤተሰብ የሚደገፈው በዚህ ክምችት ነው። ሲበላ ግን ተጨምቆ፣ ተከትፎና በኮባ ተጠቅልሎ በምጣድ ላይ ይጋገራል። በእሳቱ ባክቴሪያዎቹ ይሞታሉ፤ የሚቀሩት የሠሩት አሲድና የሕዋሳታቸው ክፍሎች ናቸው። ስለዚህ የተጋገረ ቆጮ የተብላላ ምግብ እንጂ በትርጓሜው ፕሮባዮቲክ አይደለም። ቆጮ የኃይል ምንጭ ሲሆን የፕሮቲን ይዘቱ አነስተኛ በመሆኑ ከጎመን፣ ከጥራጥሬ፣ ከአይብ ወይም ከሥጋ ጋር መበላቱ ምግቡን ያሟላዋል።

ምርምር በኢትዮጵያ

ሞገሴ አሸናፊ የአገሪቱን የተብላሉ ምግቦችና መጠጦች ረቂቅ ተሕዋስያን ለረጅም ጊዜ ካጠኑ ኢትዮጵያውያን ሳይንቲስቶች አንዱ ናቸው። በ2006 ያሳተሙት አጠቃላይ ግምገማ በዘርፉ ለሚሠሩ ተማሪዎች መነሻ ሆኖ ያገለግላል።

ከአገር ውስጥ ምግብ ፕሮባዮቲክ ፍለጋም ተጀምሯል። በ2019 የታተመ የኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ጥናት ከጤፍ ሊጥ፣ ከእርጎና ከቆጮ 90 የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎችን ለየ። ጨጓራን በሚመስል ከፍተኛ አሲድ ውስጥ ሲፈተኑ በጥሩ ሁኔታ የቆዩት 4 ብቻ ነበሩ። እነዚህ የላክቶባሲለስ ፕላንታረምና የላክቶባሲለስ ፓራካሴይ ዓይነቶች ሲሆኑ፣ በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎችን የመግታት ችሎታም አሳይተዋል።

ይህ ውጤት ሁለት ነገር ያስረዳል። በባህላዊ ምግቦች ውስጥ ፕሮባዮቲክ ለመሆን የሚችሉ ተሕዋስያን አሉ፤ ነገር ግን ከብዙዎቹ መካከል ፈተናውን የሚያልፉት ጥቂቶች ናቸው። በብልቃጥ ውስጥ ያለፉትም ቢሆኑ በሰው ላይ ተሞክረው ጥቅማቸውና ደኅንነታቸው እስኪታወቅ ድረስ እጩዎች ናቸው።

የጎረቤት አገሮች ተሞክሮ

በምሥራቅ አፍሪካ ፕሮባዮቲክን ከውድ እንክብል ይልቅ በአካባቢ በሚሠራ እርጎ ለማድረስ ተሞክሯል። በታንዛኒያ ምዋንዛ ከተማ ከ2004 ጀምሮ ሴቶች የሚያንቀሳቅሷቸው የእርጎ ማምረቻዎች ከካናዳ ዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ፕሮባዮቲክ እርጎ አምርተዋል። በኡጋንዳ ዮባ ፎር ላይፍ የተባለ ድርጅት የባለቤትነት መብቱ ጊዜ ያለፈበትን የላክቶባሲለስ ራምኖሰስ ጂጂ ባክቴሪያ በደረቅ እርሾ መልክ አዘጋጅቶ ለአነስተኛ እርጎ አምራቾች ያቀርባል። አምራቾቹ የአካባቢያቸውን ወተት አፍልተው በዚህ እርሾ ያረጉታል።

በዚህ ዘዴ ተሕዋሱ በስሙ ይታወቃል፣ ወተቱ በመፍላቱ ጎጂ ባክቴሪያ ይወገዳል፣ ገቢውም በአካባቢው ይቀራል። ከብት በሚያረባና እርጎ በሚወድ ማኅበረሰብ ዘንድ ምግቡ ራሱ እንግዳ አይሆንም።

የተብላሉ ምግቦች በጥቅሉ

አንድ ምግብ ፕሮባዮቲክ አለመባሉ ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። በአሜሪካ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ 36 ጤነኛ አዋቂዎች ለ10 ሳምንታት የተሳተፉበትና በ2021 የታተመ ጥናት፣ የተብላሉ ምግቦችን በብዛት የተመገቡት ወገኖች የአንጀት ተሕዋስያናቸው ዓይነት እንደበዛና 19 የብግነት ምልክት የሆኑ ፕሮቲኖች በደማቸው እንደቀነሱ አሳይቷል። የተሳታፊዎቹ ቁጥር አነስተኛ በመሆኑ ውጤቱ በሌሎች ጥናቶች መረጋገጥ ይኖርበታል።

መብላላት ከዚህም ውጭ ምግብን ከብልሽት ይጠብቃል። በእህል ሊጥ ውስጥ የብረትና የዚንክ መመጠጥን የሚያግደውን ፋይቴት የተባለ ንጥረ ነገርም ይቀንሳል። ለዚህ ጥቅም ተሕዋስያኑ እስከ ገበታ በሕይወት መቆየት አያስፈልጋቸውም፤ እንጀራው ሲጋገር ወይም ቆጮው ምጣድ ላይ ሲወጣ ሥራቸውን ጨርሰዋል።